የሁዳዴ ሰርግ

ቦንጋ ስመደብ የማላውቃቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ዝናቡ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ ዝናብማ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የኛ ዝናብ ግን ክረምት ጠብቆ ይመጣል፣ መስቀል ሲደርስ ደህና ሁኑ ብሎ ይሄዳል። የቦንጋው እንደ ዘመድ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሲመሽም አይሄድም። ሁለተኛዋ ሲስተር ወርቅአፈራሁ ናት።

ነቢዩ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። ዕጣ ነው ያመጣኝ። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ከኮሌጅ ስንወጣ የት እንደምንሄድ የሚወስነው የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ጓደኛዬ ባሕር ዳር ደረሰው፣ እኔ ቦንጋ። እናቴ «ቦንጋ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችና መልሱን ስትሰማ ቁጭ አለች። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ኦፕራሲዮን ክፍል እሠራለሁ የሚል ሕልም ነበረኝ። ጓንት አጥልቄ፣ አፌን ሸፍኜ፣ በመስታወት ራሴን ያየሁ ሰው ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ «አንተ ቤት ለቤት ከሲስተር ወርቅአፈራሁ ጋር ነህ፤ ቦቲ ጫማ ግዛ» አለኝ። ሕልሜ እዚያው አለቀ።

ቤት ለቤት የሚባለው ሥራ፣ ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ ቤታችሁ ብትሆኑ ይሻላል» ብሎ የመለሳቸውን ሕመምተኞች በያሉበት እየሄዱ ማየት ነው። ቁስል ታጥባለህ፣ የሕመም ማስታገሻ ትሰጣለህ፣ ጀርባቸው እንዳይላጥ ታገላብጣለህ፣ ቤተሰቡም እንዲህ እንዲያደርግ ታሳያለህ። ከዚያ በጭቃው ትመለሳለህ። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ትዕግሥቴ አለቀና መንገድ ላይ ጠየቅኋት። «ሲስተር፣ መዳን ከሌለ እኛ ምን እናደርግላቸዋለን?»

«እንሄድላቸዋለን» አለችኝ፣ ከረሜላዋን ከአንድ ጉንጯ ወደ ሌላው እያዞረች።

አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም። የዋጫ ልጅ ናት፤ ጅማ ተምራ ተመልሳ እዚሁ ቦንጋ ቀረች። የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖንም አማርኛውንም እያቀላቀለች ስታወራ ሕመምተኛው በየትኛው እንደሚስቅ ራሱ አያውቅም። አዎ፣ ይስቃሉ። እኔ ሊሞት የተቃረበ ሰው አጠገብ ሲኮን ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፣ ፊት ይጠቁራል ብዬ ነው ያደግሁት። እሷ እቴ፤ ገና ከበር «ዛሬስ ማንን ስታሙ አደራችሁ?» እያለች ነው የምትገባው።

አንድ ሕግ ነበራት። «ካልጠየቁኝ አላስቸኩልም፤ ከጠየቁኝ አልዋሽም» ትላለች። መጀመሪያ ስሰማው ቀላል ነገር መሰለኝ። ከዚያ ገበያው አጠገብ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ቅመም ነጋዴ ቤት ሄድን። ሴትዮዋ እጇን ይዘው «ወርቄ፣ ከዚህ አልጋ እነሳለሁ?» አሏት። እኔ ወዲያው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አይመስለኝም እትዬ» አለች። እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ጠሩ። «ያቺን ቀይ ዶሮ እንዳትሸጧት፤ ራሴ ነኝ የምበላት» አሉ። መረቁን ሁለት ማንኪያ ቀመሱላት፣ የቀረውን እኛን አስበሉን። እኔ እያለቀስኩ በላሁ፣ ግን በላሁ።

ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ሰውየው አልበላም ሲል ይቆጡታል፣ አፉን በጉርሻ ይሞሉታል። ሲስተር «ተዉዋቸው፤ ሰውነታቸው ራሱ ምግብ አልፈልግም እያለ ነው። ከንፈራቸውን አርጥቡላቸው፣ ይበቃል» ትላለች። እግራቸው ሲቀዘቅዝ፣ ትንፋሻቸው ቆም እያለ ሲመለስ እንዳይደነግጡ አስቀድማ ትነግራቸዋለች። በተለይ ደግሞ ስለ ጆሮ። «ዓይናቸውን ከድነዋል ብላችሁ እዚህ አልጋ አጠገብ ስለ ከፈን እንዳታወሩ። ይሰማሉ። የምትወዷቸው ከሆነ እሱን ንገሯቸው።» ይህን ስትል ብቻ አትቀልድም።

በግምገማ ላይ ሂስ ቀርቦባት ያውቃል። ያኔ ግምገማ የማይቀር ነገር ነው፤ ሁሉም በየተራ ይነሳና ይወቀሳል። አንዱ ባልደረባችን ተነስቶ «ሲስተር ለሚድነው ሕመምተኛ መስጠት ያለባትን ጊዜ፣ ከማይድነው ጋር ቁጭ ብላ በወሬ ታጠፋለች» አለ። ኃላፊው «ሂሱን ትቀበያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «እቀበላለሁ፤ ነገ ግን ማንኪራ እሄዳለሁ» አለች። ኃላፊው ራሱ ሳቀ። በማግስቱ ማንኪራ ሄድን።

ማንኪራ የምንሄደው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጋ ነው። ንብ ያነባሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እኔ ቀና ብዬ ሳየው የሚያዞረኝን ዛፍ እየወጡ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉበታቸው ነው የታመመው። ሆዳቸው አብጧል፣ እጅና እግራቸው ግን እንጨት ሆኗል። ሲስተርን በጊዜ ጠይቀዋት ነበር። «ለፋሲካ እደርሳለሁ?» ብለዋት «እንጃ ጋሼ፣ እኔ አልተማመንም» ብላቸዋለች። አመስግነው ቀፎዎቻቸውን ለሁለት ልጆቻቸው ማካፈል ጀመሩ። ታላቁ ሐዲስ ሺሺንዳ ሱቅ ነበረው። ታናሹ ደጉ ወረዳ ግብርና የሚሠራ፣ አባቱን ለማስታመም ፈቃድ ወስዶ የመጣ ልጅ ነው። ደጉና ሐዲስ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንድ ሸሚዝ እየተቀያየሩ ያደጉ ናቸው፤ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይህንን ሳያወሩ አንድ ቀን አልፎን አያውቅም።

ሁዳዴ ሲጋመስ አንድ ሰኞ ሄድን። ቡናው አብቦ ጫካው ሁሉ ይሸታል፣ ንቡ ይንጫጫል፣ እኔ ጭቃ ውስጥ አንዴ ወድቄ ተነስቻለሁ። አጥሩ ጋ ከመድረሳችን ደጉ ከቡናው መሀል ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሐዲስ ሞተ» አለን። ሐሙስ ዕለት ሚኒባስ ተገልብጦ። ዓርብ እዚያው ሺሺንዳ፣ የሚስቱ ወገኖች ባሉበት ተቀብሯል።

ሲስተር ልታቅፈው እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አሁን አይደለም፤ አባቴ አልሰማም፣ አይሰማምም። በዚህ ሕመሙ ላይ ይህን ከሰማ እዚያው ነው የሚቀረው፤ እኛው ገደልነው ማለት ነው። በሚካኤል ይዣችኋለሁ፣ ከአፋችሁ እንዳይወጣ።» ቃል ገባን። ሌላ ምን ይባላል? የተጨነቀ ሰው ፊት ቆመህ አልገባም አትልም።

ከዚያ የሰማነው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ የሚያስቅ ነበር። ለቀስተኛው ወደ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግቢ ስለማይገባ እድሩ ድንኳኑን የተከለው እዚያው አጥር ለአጥር፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረሚካኤል ግቢ ነው። ሕዝቡ እዚያ በታፈነ ድምፅ ያለቅሳል። ሕመምተኛውን ልጠይቅ ያለ ደግሞ ጥቁሩን አጥሩ ጋ አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ባለቀለም ለብሶ ይገባል። ባለቀለም ልብስ ይዞ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ግን የጋሽ ገብረሚካኤል ልጅ፣ የኮከብ፣ ሻርፕ ቡና ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴ ነው፣ ትልልቅ አበባ አለበት። ሴቶቹ ሁሉ እሱን በየተራ አንገታቸው ላይ ጣል እያደረጉ ነው የሚገቡት። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ያንን ሻርፕ በስንት ሴት አንገት ላይ እንዳዩት አላውቅም።

ይህም ባልከፋ። ድንኳኑ ሲተከል ጋሼ የሰውን ጫጫታ ሰምተው «ምንድን ነው?» ብለው ደጉን ይጠይቁታል። ደጉ ደንገጥ ይልና አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። «ሰርግ ነው አባ። ኮከብ ልትዳር ነው።» አባቱም «እሰይ፣ ይቅናት» ይላሉ። ልጁ ተገላገልኩ ብሎ ወጥቶ ለእናቱ፣ ለእትዬ ይመኙሻል ይነግራቸዋል። እናት ልጅ የቀበሩ ሴት ናቸው፣ ፀጉራቸውን ተቆርጠው ራሴን አሞኛል በሚል ሰበብ በሻሽ ጠቅልለውታል፤ እንዲያም ሆኖ ሰምተው ክው አሉ።

«በሁዳዴ?» አሉት።

ደጉ ያኔ ነው የገባው። በጾም ሰርግ። ጋሽ ገብረሚካኤል ጴንጤ ቢሆኑ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ናቸው። በሁዳዴ ልጃቸውን ሊድሩ ቀርቶ በሁዳዴ ወተት የቀመሰ ሰው ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። ደጉ ይህን ሲነግረን ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ደግነቱ አባቴ ወሩንም ሳይረሳው አይቀርም፤ ሕመሙ አድክሞታል» አለን። ሲስተር አየችኝ፣ አየኋት። ባለፈው ሳምንት ጋሼ የዘንድሮው ደብረ ዘይት በስንት ቀን እንደሚውል ለኔ ያሰሉልኝ ሰው ናቸው።

ገባን። ደጉ ቀድሞ ገባ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን እንደ ሸሚዝ ለወጠው። «አባ፣ ሐኪሞችህ መጡልህ፤ ይኼ የማርቆሱ ልጅ ደግሞ ዛሬም ወድቋል» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ አንጀቴን በላው። አባትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና ውኃ እንዲያሞቅልን ላኩት። ሲወጣ ጠበቁ። ብዙ ጊዜ ከሲስተር ጋር በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፤ ያን ቀን ግን «ይኼም ይስማ» ብለው በአማርኛ ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ዘንድሮ ጾም የለም እንዴ?»

«አለ ጋሼ።»

«ገብረሚካኤል በጾም ልጅ ይድራል?»

ሲስተር የፋሻውን ጥቅል መፍታት ጀመረች። ጋሼ ቀጠሉ።

«ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ሐዲስ ግን አይመጣም። ስሙንም የሚጠራው ጠፋ። እናቱ ፀጉሯን ደበቀችኝ። ሐዲስ ነው?»

ከጠየቁኝ አልዋሽም የምትለው ሴት እዚያ ተቀምጣለች፤ በሚካኤል ይዣችኋለሁ የተባለችውም እሷው ናት። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሼ፣ ቃል አስገብተውኛል» አለች።

«እንግዲያው አትናገሪ። ቃልሽን ጠብቂ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ከአጥሩ ወዲያ ለሳቸው ልጅ የሚያለቅሰው ሕዝብ ድምፁን አፍኗል፣ እዚህ አባትየው አፍነዋል። እኔ የጀርባቸውን ቁስል የምጠርግ መስዬ አንዱን ቦታ ደጋግሜ ጠረግሁ።

ቆይተው ዞሩ። «እኔስ አለቅሳለሁ። ተኝቼም ቢሆን አለቅሳለሁ» አሉ። «ደጉ ነው የሚያሳዝነኝ። ወንድሙ ሞቶ በኔ ምክንያት አላለቀሰም። ጠዋት ጠዋት እየሳቀ ይገባል። እኔም ልሞት ነው፤ ያን ጊዜ የወንድሙም የኔም በአንድ ላይ ይወድቁበታል፣ እኔ ደግሞ አልኖርም። ሳልሄድ የሐዲስን አብሬው ባለቅስለት ነው የምፈልገው።»

አላስቻለኝም። «ታዲያ አውቃለሁ ብለው አይነግሩትም እንዴ ጋሼ?» አልኩ።

«እኔን ለማትረፍ ብሎ ነው የዋሸው። ውሸታም ነህ ልበለው? ያፍራል። ከእናንተም አይስማው። በጊዮርጊስ ይዣችኋለሁ» አሉን።

ስንመለስ እኔ በንዴት ቅጥል አልኩ። ምን ዓይነት ቤት ነው፣ ልጅ አባቱን ይደብቃል፣ አባት መደበቁን ይደብቃል፣ እኛ በመሀል በሚካኤልም በጊዮርጊስም ተይዘን። ጭቃውንም ሰደብኩት። ሲስተር ከረሜላ እንኳ አልጎረሰችም። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠችና ከቦቲዋ ውኃ ማፍሰስ ጀመረች።

«እናቴ ዋጫ ስትሞት እኔ ጅማ ፈተና ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ፈተናዋን ትጨርስ ብለው ደበቁኝ። ለኔ አስበው ነው፤ አልቀየምኳቸውም። ስመጣ ግን ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። አባቴ እንኳ ወደ ማሳው ተመልሷል። እኔ መሀል ቤት ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እንደ እንግዳ ያዩኛል። አብሮኝ የሚያለቅስ አጣሁ።» ቦቲዋን መልሳ አጠለቀች። «ፈተናውንስ አለፍኩ። ጎበዝ ነበርኩ።» ተነስታ ሄደች፣ ተከተልኳት።

በሚቀጥለው ጉዟችን ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። ሲስተር ደጉን ለብቻው ወሰደችና «አባትህ ቢያውቁት ይጎዳቸዋል ብለህ ነው?» ብላ ዙሪያውን ነካካችው። ደጉ ገና ሳትጨርስ ጦፈ። «ሲስተር፣ አንቺ ቁስሉን እጠቢ። የቤታችንን ነገር ለኛ ተይው።» እንቅልፍ ካጣ ስንት ቀኑ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል። እሷም አልተቆጣችም። ቁስሉን ልታጥብ ገባች፣ እኔም ዕቃውን ይዤ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደክመዋል፣ ከባለፈውም ይበልጥ ቢጫ ሆነዋል። ቤቱ ሙሉ ነው፤ እትዬ ይመኙሻል አሉ፣ ጋሽ ገብረሚካኤል አሉ፣ አንዲት ሴት ያንን አበባ ሻርፕ ለብሳ ተቀምጣለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር እኔ ዝም ብዬ ልተኛ?» አሉ። «ኮከብን ከልጆቼ ለይቼ አላየኋትም። ውሰዱኝና ልመርቃት።»

ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ ልመርቅ ሲል እምቢ የሚል ሰው በዚያ አገር አልተፈጠረም፤ በኛም አገር አልተፈጠረም። ጋሽ ገብረሚካኤል ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ ይመኙሻል ሻሻቸውን ያጠብቃሉ። ደጉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ ቆየና መጨረሻ ላይ ሲስተር ላይ ዓይኑን ተከለ።

«መንቀሳቀስ አይችሉም፣ አይደል ሲስተር? ይጎዳቸዋል፣ አይደል?»

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ መጣ። አይችሉም ብትል አለቀ፤ ሰውየው ዳግመኛ የሚጠይቁበት አቅም የላቸውም፣ ልጁም ሳቁን እንደ ለበሰ ይቀራል። ይችላሉ ብትልና መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑ ደግሞ ነርሷ ገደለቻቸው ነው የሚባለው፤ እሷም ታውቀዋለች። እኔ ብጠየቅ አይችሉም ነበር የምለው። የልብ ምታቸው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝም እንደዚያ ነው።

ሲስተር እጃቸውን ያዘችና የልብ ምታቸውን ቆጠረች። ጋሼ አያዩዋትም፤ ደጉን ነው የሚያዩት።

«ይችላሉ» አለች። «ቀስ ተብሎ ከተወሰዱ ይችላሉ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ደጉ ሲስተርን ያየበትን አስተያየት አልረሳውም። እንደ ከዳችው ነው የቆጠረው። ሌላ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም፣ ለሁለቱም የገባችውን ቃል አላፈረሰችም።

ከዚያ የሆነውን ግርግር ልንገራችሁ። ጋሽ ገብረሚካኤል በዚያ ዕድሜያቸው አጥር ዘለው ሮጡ። ለቀስተኛው ጥቁሩን እየገለበጠ ይለብሳል፣ የሚገለበጥ የሌለው ከኋላ ይደበቃል። ኮከብ ተጎትታ መጥታ መሀል ተቀመጠች፤ ያ ሻርፕ ከሴትዮዋ ላይ ተነጥቆ ራሷ ላይ ተጣለ። ሙሽራ የታል ሲባል ደግሞ ከሺሺንዳ ለቅሶ የመጣውን ማሙሽ የሚባል ልጅ ኮት አልብሰው አጠገቧ አስቀመጡት። ከሐዘኑ ብዛት ዓይኑ አብጧል፤ እንዲህ ያለ ሙሽራ አይቼ አላውቅም።

እኛ ጋሼን በወንበር ተሸከምናቸው፤ ደጉ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ ሲስተር ትራሱን ይዛ ከጎን። ክብደት የላቸውም። በቡናው መሀል ስናልፍ አበባው ይረግፍባቸዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ደጉ መንገዱን ሙሉ ያወራል። «ብዙ ሰው ነው የመጣው አባ፣ ድግሱ የጾም ነው፣ ቶሎ መርቀህ እንመለሳለን።» ድምፁ እየቀጠነ ሄዷል።

ድንኳኑ ውስጥ ገባን። ያ ሁሉ ሰው ቆመ። ወንበሩን መሀል አስቀመጥነው። ጋሼ ዙሪያውን አዩ፤ የሺሺንዳ ሰዎችን፣ የእድሩን ሽማግሎች፣ የሐዲስን ጓደኞች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ።

«የሰርግ ቤት እንዲህ ዝም ይላል?» አሉ ቀስ ብለው። «እልል በሉ እንጂ።»

ማን እልል ይበል? ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ዝምታው ሲረዝም እትዬ ይመኙሻል ወደ ፊት ወጡ፤ ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው። ውሸቱ እንዳይፈርስ፣ ባላቸው እንዳይሞቱባቸው ብለው እልል አሉ። የመጀመሪያው እልልታ ወጣላቸው። ሁለተኛው መሀል ላይ ተሰበረና ዋይታ ሆነ።

ደጉ ከአባቱ እግር ስር ተንበረከከ። «ራሷን አሟት ነው አባ፣ ካመማት ጀምሮ እንዲህ ያደርጋታል፣ ምንም አይደለም…»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እጃቸውን አፉ ላይ አደረጉለት። «ደጉ፣ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ጥሩ ልጅ ነህ፣ ደክመህልኛል» አሉት። «አሁን ወንድምህን አልቅስ። እኔ አለሁ።»

ደጉ አባቱን አያቸው። ከዚያ ፊቱን ጭናቸው ላይ ጣለና እንደ ሕፃን ልጅ ጮኸ። ድንኳኑም ያኔ ነው የተለቀቀው፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሙሽራውም ሙሽራዋም፣ ጋሽ ገብረሚካኤልም። ጋሼ በካፊኖኖ ልጃቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ «ሐዲስ» የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት። እኔም ስለማላውቀው ሐዲስ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም።

ከለቅሶዬ መለስ ስል ሙያዬ ትዝ አለኝ። ሰውየው ሕመምተኛ ናቸው፣ የልብ ምታቸውን ማየት አለብኝ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ልይዝ ስል ሲስተር ወርቅአፈራሁ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ በእንባ ርሷል። ያ የቀጠነ እጃቸው የደጉን ጀርባ መታ መታ እያደረገ ያባብል ነበር።

«ተወው» አለችኝ፣ «እጃቸው ሥራ ላይ ነው።»